ገድለ አመልካች

የቀደሙት አባቶች የጻድቅን ገድል የሚጽፉት ጻድቁ ካረፈ በኋላ ነበር፤ ጸሓፊውም ባለገድሉ ራሱ ሳይሆን ደቀ መዝሙሩ ወይም የገዳሙ መነኵሴ ነበር። በአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤት ለመግባት የሚያመለክት ወጣት ግን፣ ዘመኑ የፈጠነ ነውና፣ ገና በሃያ አንድ ዓመቱ፣ በሕይወተ ሥጋ ሳለ፣ በገዛ እጁ ገድሉን ከነተአምሩ ጽፎ፣ የምስክሮቹን ስልክ ቍጥር አያይዞ ለቅበላ ኮሚቴው ያቀርባል። ይህን የመሰለ እድገት አይቶ ዝም ማለት ንፉግነት ስለሚሆን፣ ለሥርዐቱ የሚገባውን ውዳሴ ለማቅረብና መንገዱን ለማያውቁ ወገኖች፣ ይልቁንም በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ልጃቸውን ለሐኪምነት ለማብቃት ሌት ተቀን ለሚደክሙ ወላጆች፣ ጥቂት ለማስረዳት ተነሥተናል።

አብዛኞቹ የአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ማመልከቻ የሚቀበሉት በ1876 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር በሚያስተዳድረው አንድ የጋራ ቅጽ ነው። በዚህ ቅጽ ውስጥ አመልካቹ ትሩፋቱን የሚዘረዝርባቸው መስመሮች 15 ናቸው፤ ከዚያ በላይ ደግ መሆን አይፈቀድም። የእያንዳንዱ መግለጫ ርዝመት ነጥቡና ባዶ ቦታው ሳይቀር ተቈጥሮ 700 ፊደል ሲሆን፣ ከ15ቱ ሦስቱን አመልካቹ እጅግ ትርጉም የሰጡኝ ናቸው ብሎ እንደ ሰየማቸው ለእያንዳንዳቸው 1,325 ፊደል ይመረቅለታል፤ አራተኛው ነገር ደግሞ ልቡን ነክቶት እንደ ሆነ በኅሊናው ይዞት ይኑር። ከዚያም የሰዓቱ ብዛትና የመስካሪው ሰው ስምና አድራሻ ይከተላሉ። የሥርዐቱን ጥልቀት ከሁሉ አብልጦ የሚገልጠው ግን ገና ላልተሠራ ምግባር የተከፈተው ቦታ ነው፤ አመልካቹ ቅጹን ከላከ በኋላ ወደፊት ስንት ሰዓት እንደሚራራ አስቀድሞ ገምቶ ይሞላል። ቅዱሳን ያላደረጉትን ምጽዋት እንዳደረጉት አድርገው የማስመዝገብ ዕድል አላገኙም። ግራ እጅ ቀኝ የሠራውን እንዳያውቅ የታዘዘውም ትእዛዝ ቢሆን፣ በሁለት እጅ መተየብ ግድ ላልነበረበት ዘመን የተሰጠ መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

እርግጥ ነገሩ ከክፉ አሳብ አልተነሣም። አብርሃም ፍሌክስነር የተባለው ሊቅ በ1910 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ ገንዘብ የከፈለውን ሁሉ እየተቀበሉ ሐኪም ብለው የሚያስመርቁትን ትምህርት ቤቶች ካዋረዳቸው ወዲህ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ያልተማረ ሰው በበሩ እንዳያልፍ ተደረገ፤ ከዘመናት በኋላ ደግሞ በመግቢያው ፈተና ከፍተኛውን ውጤት፣ ማለትም 528ን ያመጣ ተማሪ የደም ሽታ ሲሸተው ራሱን ስቶ ሊወድቅ፣ ወይም ከዚህ የከፋው፣ ምንም ላይሰማው እንደሚችል ታሰበና፣ እስቲ አስቀድሞ በሕመምተኛ አልጋ አጠገብ ይቁም፣ ይየው፣ ይታይ ተባለ። ማለፊያ ምክር ነበር። ነገር ግን በየዓመቱ ከ50 ሺህ በላይ ሰው አመልክቶ ግማሹ እንኳ በማይገባበት ደጅ ላይ የተሰቀለ ምክር ምን እንደሚሆን ለማወቅ ነቢይ መሆን አያሻም።

አመልካቹን ቅዳሜ ጧት ወደ ሆስፒታል ሲሄድ እንከተለው። የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ተደርጎለት፣ የጉንፋን ክትባት ተወግቶ፣ የሕመምተኛ ምስጢር እንዳያወጣ ፈርሞ፣ ከሩቅ የሚታይ ሰደርያ ለብሶና ፎቶግራፍ ያለበት መታወቂያ በደረቱ ላይ አንጠልጥሎ ይገባል። ሥራው ከማሞቂያው ሣጥን ብርድ ልብስ እያወጣ ማደል፣ ያለቀውን የጓንት ካርቶን በአዲስ መተካት፣ ድኖ የሚወጣውን ሰው በተሽከርካሪ ወንበር እስከ መኪናው ድረስ መሸኘት ነው፤ ቍስሉንና መርፌውን፣ መድኃኒቱንም እንዳይነካ አጥብቀው አስጠንቅቀውታል፤ ደግም አድርገዋል። ብርድ ልብሱ ሞቅ ያለ ስለ ሆነ በብርድ የምትንቀጠቀጥ አሮጊት እግር ላይ ሲያርፍ ፊቷ ይፈታል፤ ነገሩ በዚሁ ቢያበቃ መልካም ነበር። ዳሩ ግን ብርድ ልብስ አለበስሁ ብሎ የሚጽፍ የዋህ ከዶክተርነት ደጅ ምን ያደርጋል? እርሱ የሚጽፈው «ከሁለገብ የሕክምና ቡድን ጋር በመቀናጀት ሕመምተኛን ማእከል ያደረገ የምቾት አገልግሎት መርቻለሁ» ብሎ ነው። የጓንቱ ካርቶን «የግብአት አቅርቦትን ማቀላጠፍ» ይባላል፤ ወንበር መግፋቱም «በሽግግር ወቅት ርኅራኄ የተመላበት አመራር መስጠት» ይሆናል። ወንበሩን ከኋላ የሚገፋ ሰው መሪ የተባለበትን ምክንያት የሚጠይቅ ቢኖር፣ 700 ፊደል ለእንዲህ ያለ ጥያቄ እንደማይበቃ ይወቅ።

ከዚህ የሚልቀው ደግሞ ሐኪምን እንደ ጥላ ተከትሎ መዋል ነው። አመልካቹ ጥግ ይዞ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ሐኪሙ ሲመረምር ያያል፤ ያየበት ሰዓትም ይቈጠርለታል። ይህን ስናስብ ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ሲወርድ ወንበዴዎች ደብድበው የጣሉት ሰው ትዝ ይለናል። ካህኑና ሌዋዊው አይተውት ስላለፉ እስከ ዛሬ በየዐውደ ምሕረቱ ይወቀሳሉ፤ በዘመኑ ቅጽ ባለመኖሩ እንጂ ሁለቱም «የሕክምና ምልከታ» በሚለው ክፍል ያዩባትን ደቂቃ አስመዝግበው በክብር ይኖሩ ነበር። በኮሚቴው ፊት መከራ የሚያየው ሳምራዊው ነው። ፈቃድ ሳይኖረው ዘይትና ወይን አፍስሶ ቍስል አሰረ፤ ያስታመመው አንዲት ሌሊት ብቻ ስለ ሆነ ምግባሩ ቀጣይነት ይጐድለዋል፤ ሁለት ዲናር ከኪሱ ማውጣቱ ደግነት ቢሆንም ገንዘብ በሰዓት አይመነዘርም፤ ያለው ምስክር አንድ የእንግዳ ማረፊያ ጠባቂ ነው፤ ይባስ ብሎ ስሙን እንኳ ሳይነግረን ሄደ። የቀረውን ስመለስ እከፍላለሁ ማለቱ ብቻ፣ ገና ላልተሠራ ምግባር በተከፈተው ቦታ ሊገባለት ይችል ይሆናል።

መስመሮቹ ከተሞሉ በኋላ 5,300 ፊደል የሚፈቅደው የግል ጽሑፍ ይመጣል፤ በዚህም ውስጥ አንድ ሽማግሌ መኖሩ ግድ ነው። ሽማግሌው ምስጢር ለመጠበቅ ሲባል ስሙ ተለውጧል፤ በመስኮት አጠገብ ተኝቷል፤ ልጆቹ ሩቅ ናቸው፤ ወጣቱ ውሃ ሲያቀብለው እጁን ይይዝና አንድ ጥልቅ ነገር ይናገራል፤ ከዚያ በሦስተኛው አንቀጽ ላይ ይሞታል። ሞቱ ያሳዝናል፤ ቢሆንም በጊዜው ነው፣ እስከ አምስተኛው ቢቈይ ለመደምደሚያው ቦታ አይተርፍም ነበርና። ይህን ሽማግሌ አሳምረው የሚገድሉ፣ ለዚህም በሺህ የሚቈጠር ዶላር የሚያስከፍሉ አማካሪዎች አሉ። ለሟቹ ጠበቃ ባይቆምለትም እኛ አንዲት ነገር እንበልለት፤ ሰውዬው ሆስፒታል የገባው ለልቡ ድካም መድኃኒት ሊፈልግ ነበር እንጂ ለሌላው ሰው መግቢያ ሊሆን አልነበረም።

በአገር ውስጥ ያለው ሕመምተኛ በበቂ ሁኔታ ያላሳዘነ እንደ ሆነ ባሕር ተሻግሮ የሚያሳዝን ይፈለጋል። ዋጋ ተቀብለው ወጣቶችን ለሁለት ሳምንት ወደ መካከለኛው አሜሪካ ወይም ወደ አፍሪካ የሚወስዱ ድርጅቶች አሉ፤ ከእኛም ልጆች መካከል ክረምቱን አያቱን ሊጠይቅ አዲስ አበባ ወርዶ፣ በዘመድ በኩል ወደ አንድ ሆስፒታል ዘልቆ፣ ነጭ ጋዋን ለብሶ ፎቶግራፍ የሚነሣ አይጠፋም። በሜሪላንድ ከጓንት ካርቶን በቀር ምንም ያልታመነለት እጅ በቦሌ ፓስፖርቱ ሲታተምለት ምን ጸጋ እንደሚወርድበት አይታወቅም፤ ቍስል ልስፋ የሚል ድፍረት የሚያድርበትም አለ። የሕክምና ኮሌጆቹ ማኅበር ራሱ፣ ያልሠለጠኑበትን ሕክምና በውጭ አገር መሞከር ሕመምተኛውን እንደሚጎዳ፣ አመልካቹንም እንደሚያስነቅፈው በመመሪያ አስጠንቅቋልና ብልሆቹ መርፌውን ትተው በፎቶግራፉ ይበቃቸዋል።

ለአጭር ጊዜ ብሎ መምጣትን ካነሣን፣ ዶክተር ካትሪን ሐምሊን ከባለቤታቸው ከዶክተር ሬጅናልድ ጋር በ1959 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የገቡት ለሦስት ዓመት ተዋውለው ነበር። በወሊድ ምክንያት በፊስቱላ የተጎዱትን፣ ከሰው ተለይተው የሚኖሩትን ሴቶች ካዩ በኋላ ግን መመለሱ ቀረ፤ በ1974 ሆስፒታላቸውን አቋቋሙ፤ ባለቤታቸውም ካረፉ በኋላ ሥራቸውን ሳይተዉ ኖረው በ2020 እዚያው አዲስ አበባ ዐረፉ። ሰዓታቸውን ደምሮ በቅጹ ላይ የሚያሰፍር ጸሓፊ ቢገኝ የሚሞላላቸው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ 14ቱ ባዶ ይቀራሉ። ኮሚቴውም የአመልካቿ ልምድ በአንድ ነገር ላይ የተወሰነ ስለ ሆነ በሚቀጥለው ዓመት ይሞክሩ ይላቸው ይሆን ብለን እንሰጋለን።

አሁን ደግሞ በዚያው በሜሪላንድ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ ካሉት አፓርታማዎች በአንዱ እንግባ። እናቲቱ አረጋውያንን በየቤታቸው የምትንከባከብ ሠራተኛ ናትና ሌሊቱን ሙሉ የሰው እናት ስታገላብጥና ስታጥብ አድራ፣ ጎሕ ሲቀድ ጫማዋን በእጇ ይዛ ትገባለች። ልጇ ኮምፒውተሩ ላይ ተደፍቷል።

«ምን እየጻፍህ ነው ልጄ?»

«ሰዓቴን ነው እማዬ። የታመመ ሰው የረዳሁበትን ይጠይቃሉ።»

«ታዲያ እማማን ለኩላሊት እጥበት የምታመላልሳቸውን አትጽፍም?»

«እሱማ ቤተሰብ ነው። ማን ይፈርምልኛል?»

ልጁ ይህን ይበል እንጂ አያቱን በሳምንት ሦስት ቀን እየደገፈ ከመኪና ያወርዳል፤ መርፌው ሲገባ ፊታቸውን ወደ እርሱ እንዲያዞሩ ወሬ ያመጣላቸዋል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ሐኪሙ በእንግሊዝኛ የተናገረውን በአማርኛ ሲያደርስ፣ የትኛው ቃል እንዳለ መነገር፣ የትኛው መለስለስ፣ የትኛውስ ቡና ከተጠጣ በኋላ ማታ በቤት መነሣት እንዳለበት ያውቃል። ሐኪሙ ጨው ይቀንሱ ሲል፣ አያቲቱ ሽሮዬን ነው የሚለኝ ብለው ሲቈጡ፣ በሁለቱ መካከል ቆሞ ሁለቱንም ያስማማል። የአስታማሚነትን ነገር ከዚህ በላይ የሚያስተምር ክፍል በየትኛው ሆስፒታል እንደሚገኝ አናውቅም። ቅጹ የቤተሰብ ኀላፊነት እንዳይጻፍ አይከለክልም ይሉናል አዋቂዎች፤ እውነታቸውን ነው። ነገር ግን ልጁ ከአማካሪውም ከጓደኛውም የሰማው የሚያኮራው ነገር ማኅተም ያለው መሆኑን ነውና፣ ቅዳሜ አያቱን ለአጎቱ አደራ ሰጥቶ፣ ሰደርያውን ለብሶ፣ ለማያውቃት አሮጊት ብርድ ልብስ ሊያለብስ ይሄዳል።

ስለዚህ ለቅበላ ኮሚቴዎች አንዲት ትሕትና የተመላባት ልመና አለን። ሰዓቱን ቍጠሩ፤ ፊደሉንም ለኩ፤ ሥልጣኑ የእናንተ ነው። በምስክሩ ቦታ ላይ ግን ከእንግዲህ የበጎ ፈቃድ አስተባባሪው ስም ቀርቶ የሕመምተኛው ስም ይጻፍ። ብርድ ልብስ የለበሰችው ሴት፣ ልጁ መጥቶ እንደ ሆነና ሲወጣ በሩን ቀስ ብሎ ዘግቶ እንደ ሆነ ትጠየቅ። ለሲልቨር ስፕሪንጓም አያት ይደወልላቸው፤ ሰኞ፣ ረቡዕና ዐርብ እጥበት ላይ ናቸው እንጂ በሌላው ቀን አይታጡም። እንግሊዝኛ ስለማይሰሙ አስተርጓሚ አዘጋጁ፤ አደራችሁን ግን ልጁን እንዳትጠሩት፣ ለራሱ መሰከረ ተብሎ ያችም ሰዓት ትሰረዝበታለችና።