ሰርተፊኬት ያላት ድመት

ሆሞሻ ተቀምጠህ «ዘረ ንጹሕ ድመት አርብቼ ልክበር ወይስ ይቅርብኝ» እያልክ ለምታወጣና ለምታወርደው ወንድሜ፦ ምን ያመነታሃል? ጀምር እንጂ! ወርቅ አጣቢው ኩርሙክ ወርዶ ቀኑን ሙሉ አጎንብሶ አፈር የሚያጥበው ይህን ሙያ ስላላወቀ ነው። ፈረንጅ አገር የዘር ወረቀት ያላት አንዲት የ«አቢሲኒያን» ድመት ግልገል ከሺህ ዶላር በላይ ታወጣለች። ስሟ የአገርህ ስም ነው፤ ከዚህ ሌላ ምን ካፒታል ትፈልጋለህ?

አደራ፣ ድመቷን ብቻ ከዚሁ ሰፈር እንዳታነሣት። የአቢሲኒያ ድመት የምትገኘው ከአቢሲኒያ ውጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዙ የናፒየር ጦር ዘውዱን፣ ታቦቱን፣ ብራናውን፣ ልዑል ዓለማየሁን ሳይቀር ከመቅደላ ይዞ ሲመለስ፣ ዙላ የምትባል ድመትም አብራ ሄዳ የአንድ ካፒቴን ሚስት ቤት ገባች ይባላል። በ1874 ጎርደን ስቴብልስ የተባለ ጸሐፊ ሥዕሏን በመጽሐፉ አወጣ፤ በቃ፣ አገራችን የድመት እናት ሆነች። ሆላንድ አገር፣ ላይደን ሙዚየም ውስጥ ግን እሷኑ የምትመስል ድመት ቆዳዋ ታጭቆ ቆማለች፤ የተገዛችው ከመቅደላ 30 ዓመት በላይ ቀድሞ ሲሆን መለያዋ «ህንድ» ይላል። የዘረመል ጥናቱም የሚጠቁመው ወደ ህንድ ውቅያኖስ ዳርቻና ወደ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ነው። አትጨነቅ! ወረቀቱን የሚሰጠው የአርቢዎች ማኅበር፣ ለማኅበሩ የሚመሰክሩት አርቢዎች፤ የአይጥ ምስክር ድንቢጥ።

አሠራሩ ቀላል ነው። አባትን ከልጁ፣ ወንድምን ከእኅቱ ታጋባና «ንጽሕና» ትለዋለህ። ከዚያ ደም ማነስና ዓይነ ስውርነት በውርስ ቢመጣ የክብር ዋጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የድመት ዘረመል መጀመሪያ የተነበበው ከዚሁ ዝርያ ከሆነችው ከሲናመን ነበር፤ ከተመረጠችበት ምክንያት አንዱ፣ ዘመዳሞች ተጋብተው ተጋብተው ዘሯ ስለጠበበ ንባቡ መቅለሉ ነው። ለዚህ የማይኮራ አርቢ አለ?

ደግሞስ ዘር መቁጠር ለእኛ ምን አዲስ ነገር አለው? ሰው ላይ ስንት ዘመን የተለማመድነውን ድመት ላይ ብናውለው ቢያንስ የሚፈናቀል የለም።

አንድ ጠላት ግን አለብህ፦ በቀርከሃ አጥርህ ሥር ሾልኮ የሚገባው፣ ጆሮው የተቦጨቀው የጎረቤት ወንድ ድመት። አንድ ሌሊት ብቻ ይበቃዋል፤ ሰርተፊኬትህን ድራሹን ያጠፋዋል። ስለዚህ እመቤቲቱ ትቆለፋለች። እሷ የታሸገ የውጭ ምግብ ስታማርጥ፣ አይጥ ጎተራህ ውስጥ ማሽላህን ያለ ሥጋት ይቆረጥማል።

ገዢውን ግን ከወዲሁ አስብበት። ሆሞሻ ላይ ድመት የፈለገ ሰው ጎረቤቱን ይጠይቃል፤ በነፃ ይሰጠዋል።