እንግዳ የማይጠብቅ ዶሮ

የአገራችን ወጥ ጨዋ ነው። እንግዳ ቢዘገይ ተከድኖ ይጠብቃል፤ ሲመጣ ይሞቅለታል። ዶሮ ወጥማ ካደረ በኋላ ነው የሚጥመው የሚሉ አሉ፤ እኔም ከእነሱ ወገን ነኝ። የጃፓኑ የዶሮ ካትሱ ግን ይህን ጨዋነት አያውቅም። ከዘይት በወጣ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ካልበሉት ያኮርፋል። ካኮረፈ ደግሞ ሽማግሌ ቢላክም አይታረቅም።

ካትሱ ማለት ሥጋውን ጠፍጥፈው ዱቄት፣ እንቁላልና የዳቦ ፍርፋሪ አልብሰው በብዙ ዘይት የሚጠብሱት ነው። ጣልያን አዲስ አበባ ላይ ትቶት የሄደው ኮቶሌታ ዘመዱ ነው፤ ጃፓኖችም ነገሩን ያገኙት ከአውሮፓ ነው። ያገኙትም ዘግይተው ነው። እ.ኤ.አ. በ675 ንጉሠ ነገሥት ቴንሙ ሕዝባቸው በዓመቱ የተወሰኑ ወራት የከብት፣ የፈረስ፣ የውሻ፣ የዝንጀሮና የዶሮ ሥጋ እንዳይበላ አወጁ። (ዶሮን ከዝንጀሮ ጋር ባንድ አዋጅ! የኛ ባልትና አዋቂዎች ይህን ቢሰሙ ኤምባሲ ድረስ ይሄዱ ነበር።) ክልከላው በየዘመኑ እየታደሰ ቆየ፤ ተደብቆ የሚበላ ግን አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1872 ንጉሠ ነገሥት ሜይጂ የበሬ ሥጋ መብላታቸው በይፋ ሲነገር ጾሙ ተፈታ። እኛ ከሁዳዴ 55 ቀን በኋላ የምንሆነውን የሚያውቅ ሰው፣ ከሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ የፈሰከ ሕዝብ ሥጋውን ዳቦ አልብሶ ቢጠብስ አይፈርድበትም። ቶኪዮ ውስጥ ጊንዛ ሰፈር ያለው ሬንጋቴይ የተባለ ምግብ ቤት እ.ኤ.አ. በ1899 የአሳማ ሥጋን ቴምፑራ እንደሚባለው የጃፓን ጥብስ ዘይት ውስጥ አጥልቆ መጥበስ እንደ ጀመረ ይነገራል። አሳማው እኛ ቤት ስለማይገባ በአክብሮት ሸኝተነው ወደ ዶሮዋ እንለፍ።

የመጀመሪያው ችግር የሎሚው ነው። እቴቴ፣ አክስቴ፣ በሎሚና በጨው ተደጋግሞ ያልታጠበ ዶሮ አይነኩም። ካትሱ ደግሞ ከምንም በላይ ውሃ ይጠላል። ሥጋው እርጥብ ከሆነ ዱቄቱ ሊጥ ይሆናል፤ እንቁላሉም አይዝም፤ ልብሱ መጥበሻው ውስጥ ወልቆ ዶሮዋ ራቁቷን ትቀራለች። ስለዚህ እሳቸው አጠቡ፣ እኔ በንጹሕ ጨርቅ አደረቅሁ። እሳቸው ደግመው ሊያጥቡ ሲሉ ሥጋውን ፍሪጅ ውስጥ ደበቅሁት።

ቀጥሎ ድብደባ ነው። የዶሮ ደረት ባንድ ጎኑ ወፍራም፣ በሌላው ቀጭን ነው። እንዲሁ ከተጠበሰ ቀጭኑ ሲደርቅ ወፍራሙ ጥሬ ይሆናል። በፌስታል ሸፍኜ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል እስኪሆን በዘነዘና ስወቅጠው እቴቴ ከሳሎን ብቅ አሉና «ምን አድርጋህ ነው ልጄ?» አሉ።

ከዚያ ፓንኮ የሚባለው የጃፓን ፍርፋሪ መጣ። የካትሱው ምስጢር ያለው እዚህ ላይ ነው። ፍርፋሪው ደቃቅ ዱቄት ሳይሆን ሻካራና ሾጣጣ ስለሆነ ዘይቱን ያሳልፋል፣ እንፋሎቱን ያስወጣል፣ ጥርስ ሲነካው ይንኮሻኮሻል። አንዳንዱ ፋብሪካ ዳቦውን የሚጋግረው በሊጡ ውስጥ የኤሌክትሪክ ጅረት በማሳለፍ ነው፤ እንዲህ የተጋገረ ዳቦ ቡናማ ቅርፊት አያወጣም። ይህ ዘዴ ለኛ ሰፈር አይሆንም፤ መብራት ሊጡ መሐል ላይ ሲደርስ ይሄዳል። እኔ የስላይስ ዳቦ ዳር ዳሩን ቆርጬ፣ አየር እንዲመታው ትቼ፣ በካሮት መፈቅፈቂያው ትልቁ ዓይን ፈቀፈቅሁት። ከባሕር ማዶው አይተናነስም፤ ቢተናነስም እኛ ቤት ሊያውቅበት የሚችል ዳኛ የለም።

ዘይቱ ከ170 እስከ 180 ዲግሪ ይፈልጋል። ቴርሞሜትር የሌለው ትንሽ ፍርፋሪ ጣል ያድርግ፤ ወዲያው ተንጫጭቶ ከተንሳፈፈ ደርሷል። ብዙ ቁራጭ ባንዴ መጨመር ዘይቱን ያቀዘቅዘዋል፤ የቀዘቀዘ ዘይት ደግሞ ፍርፋሪው ውስጥ ይገባና እዚያው ይኖራል። ሲወጣ በወረቀት ላይ አይዘረጋ፤ ከሥር የሚታፈነው እንፋሎት ያለሰልሰዋል። የኦቭን ፍርግርግ ላይ ይቁም። ከጎኑ የሚቀርበው በስሱ የተከተፈ ጥሬ ጥቅል ጎመን ነው። እቴቴ ጎመኑን አይተው በግ ገዝተን እንደሆነ ጠየቁ።

ፍልሚያው ግን የሰዓት ነበር። ጋሼ፣ የእቴቴ ባለቤት፣ ደውለው «መገናኛ ደርሻለሁ» አሉ። አዲስ አበባ የኖረ ሰው መገናኛ ቦታ ሳይሆን የይቅርታ ዓይነት መሆኑን ያውቃል። እኔ «እጃቸውን ታጥበው ካልተቀመጡ ዘይቱን አላግልም» አልኩ። ጃፓን ውስጥም በላተኛው ተቀምጦ ካላዘዘ ደህና ካትሱ አይጠበስም። እቴቴ ደግሞ «ሰው ቤቴ ገብቶ ምጣድ ሲጣድ አላሳይም» አሉ። ስልክ ላነሳ ወጣ ስል እሳቸው እሳቱን ለኩሰው፣ ሁሉንም ጠብሰው፣ ክምር አድርገው፣ ሙቀቱ እንዳይሄድ ብለው ከደኑት። ለወጥ የሚደረገውን ክብር ሁሉ አደረጉለት። በክዳኑ ሥር የነበረውን ላብ አልነግራችሁም።

ጋሼ ገና አልመጡም። እቴቴ የለሰለሰውን ነካ ነካ አደረጉና ሳይናገሩ ቁሌታቸውን አሙቀው ካትሱውን ከእንቁላሉ ጋር ጨመሩት። ልቃወም ከፈትኩት አፌን መልሼ ዘጋሁ። ጃፓኖች ራሳቸው ካትሱውን ከሽንኩርት፣ ከመረቅና ከእንቁላል ጋር አብስለው ሩዝ ላይ ይደፉትና ካትሱዶን ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1948ም ቺባ ሺገሩ የተባለ የቤዝቦል ተጫዋች ጊንዛ ውስጥ ካትሱውን ካሪ ላይ ጣሉልኝ ብሎ ካትሱ ካሪ የሚባለው እንደ ተጀመረ ይወራል። እቴቴ ቶኪዮን ሳያዩ ሁለቱንም ባንድ ድስት ደረሱባቸው።

ጋሼ ከመገናኛ ደረሱ። በእንጀራ እያጣቀሱ በሉ፤ ደግመውም በሉ። ከዚያ ድስቱን በጭልፋ ወዲያ ወዲህ አሉና፣ «ይቺ ዶሮ ደረት ብቻ ነበረች እንዴ? አሥራ አንዱ ብልት የት ገባ?» አሉ።

«እሱን ጠይቀው» አሉ እቴቴ ወደ እኔ እየጠቆሙ፤ «ሲወቅጣት የዋለው እሱ ነው።»