ድንጋይ በድንጋይ ላይ

በባሕር ዳር ጠዋት ጠዋት በሳይክል ወደ ሥራ ከሚጎርፈው ሰው መሀል ልዩ ክብር የሚገባው አንድ ወገን አለ። የዚህ ወገን እምነት አጭርና ግልጽ ነው፦ ጎማ ካልጠጠረ ጎማ አይባልም። ምእመኑ ጎሚስታው ደጃፍ ይደርሳል፣ ሳይክሉን ያስደግፋል፣ አውራ ጣቱን ጎማው ላይ ይጫናል። ጣቱ ለአመል ያህል እንኳ ገባ ካለ ፊቱ ይለወጣል። "ወንድሜ፣ ገና ነው! ጨምርበት እንጂ!" ይላል። ጎሚስታውም ደንበኛ ንጉሥ ነውና የአይሱዙ ጎማ ሲሞላበት የነበረውን የኮምፕሬሰር ቱቦ ይሰካለታል። የሳይክል ከመነዳሪ የሚይዘው አየር ጥቂት ስለሆነ የጌጁ መርፌ፣ ዓይን እስኪርገበገብ፣ ከ60 ፒ.ኤስ.አይ (የአየር ግፊት መለኪያው) ተነሥቶ 100 ይገባል። አውራ ጣት ግን 60ን ከ100 አይለይም፤ ሁለቱም ለእሱ ደረቅ ናቸው። ምእመኑ ጎማውን በጣቱ ይኮረኩመዋል፤ ጎማውም ደረቅ ድምፅ ይመልስለታል። እሰይ! ሒሳብ ተከፍሎ ጉዞ ይጀመራል።

አስፋልቱ ላይ ሁሉም ነገር ደስ ይላል። ችግሩ (ለደካሞች እንጂ ለእሱ ችግር አይደለም) ከዋናው መንገድ ወደ ሰፈር ሲታጠፉ አስፋልቱ ማለቁ ነው። እዚያ ኮብልስቶን ይቀበለዋል፤ ከኮብልስቶኑ ቀጥሎ ክረምት ያጠበው ጠጠር። ደወሉ ማንም ሳይነካው ይጮኻል። ከትናንት ወዲያ የጠበቀው የፍሬን ብሎን ዛሬ እንደገና መላወስ ይጀምራል። ከኋላ በታሰረው ምሳ ዕቃ ውስጥ ሽሮውና ድንች ወጡ እንዳይቀላቀሉ ባለቤቱ የደከመችው ድካም ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ከንቱ ይቀራል። ቢሮ ደርሶ የሰዓት ፊርማ ሲፈርም መዳፉ ከመደንዘዙ የተነሣ የሌላ ሰው ፊርማ ይወጣለታል። የሰው ሀብት ክፍሉ ባይጠረጥረው ይበጃል።

ለዚህ ሁሉ በረከት አየር ብቻውን አይበቃም፤ ጎማውም መቅጠን አለበት። ስለዚህ ምእመኑ አባቱ ዕድሜ ልካቸውን የነዱትን ባለ 28 ሳይክል ለዘመድ ይሰጥና ከውጭ አገልግሎ የመጣ ኮርሳ ይገዛል። የአባቱ ጎማ 28 በ1½ የሚባለው፣ ስፋቱ 40 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነው ነበር። አዲሱ 23 ነው። አባትየው ከገበያ እንቁላል ጭነው ሲመለሱ እንቁላሉም ወገባቸውም ደኅና ይገባ ነበር። ግን ምን ዋጋ አለው፣ ሳይክሉ ሲያዩት ፈጣን አይመስልም! ቀጭኑ ጎማ ደግሞ ቆሞ እንኳ የሚሮጥ ይመስላል።

በነገራችን ላይ፣ በአየር የሚነፋ ጎማ የተሠራው እንዲህ ያለውን ጀግንነት ለማስቀረት ነበር። ቤልፋስት ይኖር የነበረው ስኮትላንዳዊ የእንስሳት ሐኪም ጆን ቦይድ ደንሎፕ የልጁ ባለ ሦስት እግር ሳይክል በደረቅ ጎማው ድንጋይ ላይ ሲንገጫገጭ አይቶ በአየር የተሞላ የጎማ ቱቦ ገጠመለት፤ እ.ኤ.አ. በ1888ም የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። (ሮበርት ቶምሰን የተባለ ሌላ ስኮትላንዳዊ ሐሳቡን ከአርባ ዓመት በፊት አስመዝግቦት እንደነበር የታወቀው ኋላ ነው።) በቀጣዩ ዓመት ሳይክለኛው ዊሊያም ሁም ይህንኑ ወፍራም ጎማ ገጥሞ ቤልፋስት ውስጥ ለውድድር ሲቀርብ ተመልካቹ ሳቀበት። ሁም የገባባቸውን አራት ውድድሮች በሙሉ አሸነፈ። ሳቁ ግን እስከ ዛሬ አላባራም፤ ምእመኑ በአባቱ ጎማ ይስቃል፣ ከዚያም ገንዘብ ከፍሎ የደንሎፕን ሥራ ያፈርሳል፦ አየሩን ጠቅጥቆ ጠቅጥቆ መልሶ ደረቅ ጎማ ያደርገዋል።

እውነት ለመናገር እምነቱ ከባዶ አልተነሣም። ጎማ ላቦራቶሪ ውስጥ ሲፈተን አብዛኛውን ጊዜ የሚሽከረከረው ለስላሳ የብረት ከበሮ ላይ ነው፤ እዚያ አየር በተጨመረ ቁጥር የሚባክነው ጉልበት ይቀንሳል። ከቤቱ እስከ ቢሮው የተወለወለ ብረት ለተነጠፈለት ሰው ምክሩ ትክክል ነው። ኮብልስቶን ላይ ግን ጠጣር ጎማ ቀና ያለውን ድንጋይ አይውጠውም፤ ሳይክሉንና ሰውየውን አንድ ላይ ብድግ ያደርጋቸዋል። ያ 80 ኪሎ በየድንጋዩ ወደ ላይ የሚነሣው በማን ጉልበት ነው? በራሱ በነጂው። ወደፊት ሊሄድበት ያሰበው አቅም ሥጋውን በማንቀጥቀጥ ያልቃል። ሲያትል የሚኖረው የሳይክል መጽሔት አዘጋጅ ያን ሃይነ ከላቦራቶሪ ወጥቶ በእውነተኛ መንገድ ሲለካ ያገኘው ይህንኑ ነው፦ ወፍራምና ለስለስ ያለ ጎማ ዘገምተኛ አይደለም፤ ሻካራው ላይ እንዲያውም ይቀድማል።

ቀሪው ክብደትን ለአየር ግፊት ማካፈል ብቻ ነው። የኋላው ጎማ 49 ኪሎ ቢሸከም፣ በ100 ፒ.ኤስ.አይ መሬት የሚነካው 7 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ በ45 ግን 15 ተኩል ይሆናል። ጠጠር ላይ ፍሬን ሲይዙ ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል የሰው አጥር ውስጥ የገቡ ያውቁታል።

ላቦራቶሪውም ማካፈሉም ይቅር፤ ምእመኑ የሚያምነው በስፖርት ነው። ፓሪስ–ሩቤ እ.ኤ.አ. በ1896 የተጀመረ የሳይክል ውድድር ነው፤ 260 ኪሎ ሜትር ከሚጠጋው ርቀቱ 55 ያህሉ የባሕር ዳርን ኮብልስቶን የሚያስመሰግን ድንጋይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ሆላንዳዊው ማቲው ቫን ደር ፑል ሲያሸንፍ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት ከ47 ኪሎ ሜትር አልፎ በውድድሩ ታሪክ ፈጣኑ ሆነ። የዛሬዎቹ የሩቤ ተወዳዳሪዎች የሚገጥሙት 30 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ጎማ ነው፤ አየራቸውም ከ70 ፒ.ኤስ.አይ በታች። አንዳንድ ቡድን እየተነዳ አየር የሚጨምርና የሚቀንስ መሣሪያ ጎማው ላይ እስከ መግጠም ደርሷል። ቱር ደ ፍራንስም ላይ፣ ያ ሁሉ ለስላሳ አስፋልት እያለ፣ 23 ፋሽኑ አልፎበታል። በ23 እና በ100 ጸንቶ የቀረው ቢሮ የሚገባው ምእመን ብቻ ነው። ቫን ደር ፑል ደግሞ ምሳ ዕቃ አይዝም።

ማስረጃ ሲጠየቅ የጎማውን ጎን ያሳያል፤ 100 ተብሎ ተጽፎበታል። ጽሑፉ ከዚህ አታሳልፍ ይላል እንጂ እዚህ ድረስ ሙላ አይልም። በእሱ አነባበብ ከሆነ ዳሽቦርዱ ላይ 180 የተጻፈበት ሚኒባስ ሁሉ የጎንደርን መንገድ በ180 መፍጀት ነበረበት። ብዙ ጎማ ላይ እኮ ዝቅተኛው ቁጥርም ጎን ለጎን ተጽፏል፤ እሱን የሚያነብ ጠፍቶ ነው። የጠዋቱ 100 ደግሞ በ100 አይቆይም፤ 20 ዲግሪ ላይ የተሞላ ጎማ ፀሐይ ላይ ውሎ 50 ዲግሪ ቢገባ 110ን ያልፋል። ቀትር ላይ ከሳይክል ማቆሚያው ፍንዳታ ሲሰማ የሚደነግጠው ዘበኛው ነው።

"እንዳይበሳብኝ ነው" የሚልም አለ። የግራር እሾህ ጎማ ጠጥሮ ስላገኘው አፍሮ አይመለስም። እርግጥ ነው፣ ጎማ ከመጠን በላይ ሲላላ ድንጋዩ ከመነዳሪውን ከቸርኬው ጋር ያጣብቀውና ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ያወጣለታል። ይህ ስጋት ይበልጥ የሚጎዳው ግን 23ን ነው፤ ከድንጋዩ እስከ ቸርኬው ያለው ርቀት ሁለት ጣት አይሞላም። ጎማው ስለቀጠነ አየር ይጠቀጠቅበታል፣ አየር ስለተጠቀጠቀበት ያንገጫግጫል፤ ምእመኑም ጥፋቱን ለማዘጋጃ ቤቱ ይሰጣል።

ከዚህ እምነት መውጣት ለሚፈልጉ ደካሞች አሜሪካዊው መሐንዲስ ፍራንክ ቤርቶ አንድ መለኪያ ትቷል፦ ሰው ሲቀመጥበት ጎማው ከከፍታው 15 በመቶ ያህል ዝቅ ይበል። የሚያስፈልገው የተማሪ ማስመሪያ ነው። አንዱ ግድግዳ ተደግፎ ሳይክሉ ላይ ይቀመጣል፣ ሌላው ጎንበስ ብሎ ከመሬት እስከ ቸርኬው ጠርዝ ይለካል፤ ከዚያ ያለ ሰው ይለካና ይቀንሳል። ባለ 40ው ጎማ 6 ሚሊ ሜትር፣ ባለ 50ው 7 ተኩል ዝቅ ማለት አለበት። ለ70 ኪሎ ሰው ይህ በ40 ሚሊ ሜትር ጎማ ከኋላ 45 ፒ.ኤስ.አይ ገደማ ነው፤ በማውንቴን ሳይክሉ 50 ሚሊ ሜትር ከ30 ብዙም አይርቅም። ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሚያደላ በሁለቱም የፊቱ ያንሳል። ኮርሳውን መተው ያልሆነለት ሰው ሹካውና ፍሬኑ 28 ሚሊ ሜትር ጎማ የሚያስገቡ ከሆነ 28 ይግጠም፤ እምቢ ካሉ 25። አየር ማስቀነሱ ጎሚስታ ጋ መሄድ አያስፈልገውም፦ የቫልቩን ጫፍ በጥፍር ጫን ማድረግ ይበቃል፤ ክፍያም የለውም።