መጀመሪያ ዓይንህን ክሰስ!

ጣሊያናዊው ዳይሬክተር ዳሪዮ አርጀንቶ እ.ኤ.አ. በ1975 የሠራው «ፕሮፎንዶ ሮሶ» ከሳሽ አጥቶ አያውቅም። ጣሊያኖች «ጃሎ» ከሚሏቸው የግድያ ፊልሞች ሁሉ አብልጬ የምወደው እሱን ስለሆነ ጠበቃ ሆኜ ቆሜያለሁ። ሐሰቱን ክስ እመልሳለሁ፤ እውነቱን ክስ ግን አላድበሰብስም።

ላላየው ሰው ታሪኩ ይህ ነው። ማርከስ የሚባል እንግሊዛዊ ፒያኖ ተጫዋች በሌሊት አደባባይ ላይ ቆሞ ሳለ ጎረቤቱ መስኮቷ ላይ ስትገደል ያያል። ሮጦ ይወጣል፤ ሥዕል የሞላበትን ኮሪደር አቋርጦ ሲደርስ ሴትዮዋ ሞታለች። ቆይቶ ግን ከኮሪደሩ አንድ ሥዕል የጎደለ ይመስለዋል። ቀሪው ፊልም ያንን ጉድለት ፍለጋ ነው።

«ገዳዩን ያለምንም ፍንጭ መጨረሻ ላይ ዱብ አደረጉብን!»

ፍንጭ? ፊቱን ራሱን አሳይተውሃል! ፊልሙ ገና ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው፣ ማርከስ በዚያ ኮሪደር ሲያልፍ፣ ካሜራው በገዳዩ ፊት ላይ አልፏል። ማርከስ ሥዕል መሰለው፤ አንተም መሰለህ። ደብቆ ማሸነፍ ለማንም አይከብድም፤ አሳይቶ ማሸነፍ ግን ወንድ ይጠይቃል። ማርከስን የሚጫወተው ዴቪድ ሄሚንግስ በ1966ቱ የአንቶኒዮኒ ፊልም «ብሎው አፕ»ም ግድያን ሳያውቅ ፎቶ ያነሣ ሰው ነበር፤ አይቶ አለማስተዋል ለእሱም አዲስ አይደለም። ስለዚህ መጀመሪያ ዓይንህን ክሰስ፤ ከዚያ ወደ አርጀንቶ እንመጣለን።

«ታሪኩ አያሳምንም!»

ይህን ክስ እቀበላለሁ። አንዲት ደራሲ በፈላ ውኃ ተቃጥላ ስትሞት በእንፋሎቱ ላይ በጣቷ ትጽፋለች፤ በኋላ ሌላ ሰው ሙቅ ውኃ ሲከፍት ጽሑፉ ተመልሶ ይነበባል። መካኒካል አሻንጉሊት እየሣቀ ክፍል ውስጥ ሮጦ ይገባል፤ ገዳዩ ከየት እንዳመጣው የሚነግረን የለም። ያስደነግጣል፤ አያሳምንም። ዓይን ላይ የተመሠረተው ምርመራ ግን አንድም ቀዳዳ የለውም። ማርከስ የአንድ አሮጌ ቪላ ፎቶግራፍ ይዞ ከቤቱ ጋር ሲያስተያይ አንድ መስኮት ጎድሎ ያገኘዋል፤ ከተደፈነው መስኮት ጀርባ የተደበቀ ክፍል አለ። ከዚህ የጠራ አመክንዮ ከየት ታመጣለህ?

«ሙዚቃው ጩኸት ነው፤ ግድያን በሮክ ያጅባሉ!»

የጃዙ ሰው ጆርጆ ጋስሊኒ ከሮክ ባንዱ ከጎብሊን ወጣቶች ጋር የሠሩት ሙዚቃ ለጌጥ አልገባም። ከግድያ በፊት የሚሰማው የሕፃናት ዜማ ራሱ ማስረጃ ነው፤ ማርከስን እየመራ እዚያ ቪላ ያደረሰው እሱ ነው። ጆሮህን ይዘህ ብትሸሽ ኖሮ ግማሹን ምርመራ ባመለጠህ ነበር።

«ረዘመ!»

የጣሊያንኛው ቅጂ ከሁለት ሰዓት ያልፋል። ወደ ውጭ ሲላክ ሃያ ደቂቃ የሚበልጥ ቆረጡለት። መቀሱ የበረታው በማን ላይ ነው? በጋዜጠኛዋ በጃና ላይ! ዳሪያ ኒኮሎዲ የምትጫወታት ጃና ማርከስን በክንድ ትግል የምትጥል፣ በአሮጌ ፊያት የምታንገላታው፣ ወንድ ይበልጣል ሲላት አፉን የምታስይዘው ሴት ናት። ሥጋውን ጥለው ደሙን አስቀሩና «አሳጠርነው» አሉ። ማርከስ ባዶውን ቪላ የሚፈትሽበት ክፍል ግን እውነትም ተንዛዝቷል፤ እዚያ ላይ መቀስ ቢገባ አልከራከርም።

«በሴቶች ስቃይ ይደሰታል!»

ይህ ክስ ያመኛል፤ እውነት ስላለው ነው። ካሜራው በፈላው ውኃ ላይ የሚቆየው ታሪኩ ከሚጠይቀው በላይ ነው። ፊልም ሠሪው ማርዮ ባቫ በ1964 ጭንብል ያጠለቀ ገዳይን ከቆንጆ ሴቶች አስከሬን ጋር አጣምሮ አሳይቶ ነበር፤ አርጀንቶ ያንን ልማድ ወረሰ እንጂ አልጠየቀውም። በጥቁር ጓንት የሚታዩት የገዳዩ እጆችም የራሱ የዳይሬክተሩ ናቸው። «ወንዶችም በጭካኔ ይሞታሉ» ብሎ መከላከል ይቻላል፤ በቂ መልስ ግን አይሆንም። በቱሪን አደባባይ ላይ በኤድዋርድ ሆፐር የ1942 ሥዕል አምሳል ቡና ቤት ያስተከለ፣ ዝምታን በዚያ ውበት መቅረጽ የቻለ ሰው፣ ሞትን ለማስፈራት ያን ያህል ሥጋ መክተፍ አያስፈልገውም ነበር። ጥበቡ ኃጢአቱን አይሰርዝለትም፤ ኃጢአቱም ጥበቡን አይሰርዝበትም።

ፍርዴ ይህ ነው፦ በአሳማኝነት ወድቋል፣ በጭካኔ አብዝቷል፣ በማየት ጥበብ ግን ከእኩዮቹ የሚስተካከለው አላየሁም። ስለዚህ የተቆረጠውን ተውና ሙሉውን የጣሊያንኛ ቅጂ ፈልግ። ልጆችን አስተኛ፣ ስልክህን አርቅ። ማርከስ ኮሪደሩ ውስጥ ሲገባ ከእሱ ጋር አትሩጥ፤ ግድግዳውን እይ።