አክስቴን የት ላስቀምጣቸው?

ፌስቡክ ለአንድ ሰው የሚፈቅደው ጓደኛ ቢበዛ 5,000 ነው። ይህን ቁጥር የቆረጠው ሰው የእኛን ቤት ሠርግ አላየም። የአባቴ ወገን ብቻውን ድንኳኑን ሞልቶት፣ የእናቴ ወገን አጥር ሥር ቆሞ ሲበላ ቢያይ ኖሮ ቁጥሩን ክፍት ይተወው ነበር። ለነገሩ እኔን የሚያስጨንቀኝ አምስት ሺሁ አይደለም። የሚያስጨንቁኝ አክስቴ ናቸው።

ስማርት ስልኩን የሰጣቸው ዋሺንግተን የሚኖረው የአጎቴ ልጅ ነው። ለእረፍት የመጣ ጊዜ ፌስቡክ ከፈተላቸው፤ ላይክ ማድረግና የጓደኝነት ጥያቄ መላክም አስተማራቸው። ከዚያ በርበሬውንና ሽሮውን በሻንጣ ሞልቶ ተመለሰ፤ መዘዙ ለእኛ ቀረ። አክስቴ ሳምንት ሳይሞላ ለዘመድ አዝማዱ፣ ለሰፈሩ ሰውና ለዕድሩ አባላት ሁሉ ጥያቄ አድርሰው ጨረሱ።

የአክስት ጥያቄ ዝም የሚባል አይደለም። ብትሰርዘው ፌስቡክ ለላኪው አይናገርም፤ በዚህ በኩል ምስጢር ጠባቂ ነው። ችግሩ አክስቴ መልሱን ከፌስቡክ አለመጠበቃቸው ነው። ለቅሶ ቤት፣ ሰው ግራና ቀኝ በተደረደረበት፣ ገና እንባቸውን ሳይጠርጉ «አንተ ልጅ፣ ያንን ነገር ልኬልህ ነበር እኮ፤ ምነው ዝም አልከኝ?» ይላሉ። ያን ጊዜ የሟች ቤተሰብ ሳይቀር ቀና ብሎ ያይሃል። ስለዚህ ትቀበላለህ።

ከተቀበልክ በኋላ ገጽህን በእሳቸው ዓይን ታየዋለህ። ዓርብ ቀን የተነሣ ክትፎ። ብርጭቆ የያዘ እጅ፣ ከብርጭቆው ጀርባ ደግሞ የምትስቅ፣ ማንነቷ የማይታወቅ ሴት። የኳስ ቡድኔ በተሸነፈ ማታ የጻፍኳቸው፣ እናቴ ያሳደገችኝ የማይመስሉ ዓረፍተ ነገሮች። አንዱንም ላጠፋው አልፈለግኩም፤ ክትፎው በተለይ ቆንጆ ወጥቷል።

ለዚህ ዓይነቱ ሰው ፌስቡክ «ሪስትሪክትድ» የሚባል ዝርዝር አለው። እዚያ ያስገባኸው ሰው ጓደኛህ ሆኖ ይቆያል፤ ስሙም ከጓደኞችህ መካከል አይጠፋም። ለጓደኞቼ ብለህ የምትለጥፈውን ግን አያይም። የሚያየው የሉል ምልክት ያለበትን፣ ለሕዝብ ክፍት የተደረገውንና እሱ ራሱ ታግ የተደረገበትን ብቻ ነው። እንዲህ መደረጉንም የሚነግረው የለም።

ካሊፎርኒያ ተሠርቶ እንዲህ ሐበሻ የሆነ ነገር አይቼ አላውቅም። እንግዳ ይመጣል፣ ሳሎን ይቀመጣል፣ ምርጡ ስኒ ይወጣለታል፤ የጓዳው መጋረጃ ግን እንደወረደ ነው። እንግዳው ሲወጣ «እንዴት ያለ ንጹሕ ቤት!» ይላል። ያልታጠበው ድስት ሁሉ መጋረጃው ጀርባ መከመሩን ልቡ ያውቃል፤ የእሱም ቤት እንደዚያው ነውና። አክስቴንም በሙሉ አክብሮት ሳሎን አስቀመጥኳቸው።

ሳሎን የተቀመጠ ሰው ግን ባዶ አፉን አይቀመጥም። ለሕዝብ ክፍት የሆነ አንድም ነገር ካልለጠፍኩ ገጼ የሞተ ሰው ገጽ ሊመስላቸው ነው፤ ሞቶ እንደሆነ ለማጣራት ደግሞ ይደውላሉ። ስለዚህ ለእሳቸው የሚሆን መስተንግዶ ማዘጋጀት ጀመርኩ። ለእንቁጣጣሽ አደይ አበባ፣ ለገና የልደት ሥዕል፣ ለሆሳዕና ዘንባባ፣ ፍልሰታ ሲገባ «እንኳን አደረሳችሁ»። በመካከሉ ነፍስ ይማር። ክትፎውና ብርጭቆው መጋረጃው ጀርባ ሆኑ፤ ሳሎኑ ውስጥ የቀረው ሰውዬ መነኩሴ ወጣው።

አክስቴ በዚህ መነኩሴ እጅግ ተደሰቱ። ስልካቸውን ይዘው ማኅበር ላይ ያሳዩት ጀመር። «የወንድሜ ልጅ እኮ ነው፤ እንዴት ያለ መንፈሳዊ ልጅ መሰላችሁ!» አሉ። ብዙም ሳይቆዩ ጾም ጸሎት የምታዘወትር፣ ከቤትና ከቤተ ክርስቲያን በቀር መንገድ የማታውቅ ልጅ እንዳገኙልኝ ነገሩኝ። ምርጫቸው ልክ ነው፤ ለዚያ ለሚያዩት ሰውዬ ከእሷ የተሻለች አትገኝም። እሱ እኔ አለመሆኑን ማስረዳት ግን መጋረጃውን መግለጥ ሊሆን ነው።

በዚህ መሃል ከንስሐ አባቴም ጥያቄ መጣ። በዓለም ላይ ያለው ጉዴ ሁሉ ሊነገራቸው የሚገባ አንድ ሰው ቢኖር እሳቸው ናቸው፤ ወደ ሳሎኑ ያስገባሁትም ከሁሉ ፈጥኜ እሳቸውን ነው። ለኑዛዜ ስሄድ በደሌን እንደ አቅሜ አሳጥሬ፣ አለስልሼ አቀርባለሁ። ፖስቴ ግን ቀኑን ይናገራል፣ ሰዓቱን ይናገራል፣ አንዳንዴም ምግብ ቤቱን ይናገራል። ቀኖናው በስግደት የሚያልቅ አይሆንም ነበር።

ሁሉም ነገር እንዲህ ተደላድሎ ሳለ ዋሺንግተን ያለው የአጎቴ ልጅ ለሠርግ መጥቶ ሄደ። እሱ የሄደበትን ሁሉ ፎቶ የሚያነሣ፣ ያነሣውን ሁሉ የሚለጥፍ፣ በፎቶው ያለውን ሁሉ ታግ የሚያደርግ ሰው ነው። በእኔ በኩል ታግ የተደረግሁበት ነገር ሳላየው እንዳይወጣ ሴቲንጉን አስተካክዬ ነበር፤ ይህ መቆጣጠሪያ ግን የሚሠራው በእኔ ገጽ ላይ ብቻ ነው። በእሱ ገጽ ላይ የወጣው ፎቶ የእሱ ነው፤ ማን ይየው የሚለውንም የሚወስነው እሱ ነው። አክስቴ ደግሞ የእሱም ጓደኛ ናቸው፤ ያውም የመጀመሪያዋ። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ክራባቴን ግንባሬ ላይ አስሬ ስጨፍር የሚያሳየው ያ ፎቶ እኔ ዘንድ ሳይደርስ እሳቸው ዘንድ ደርሶ ላይክ ተደርጎ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ፌስቡክ አያውቀውም፤ ቡና ላይ ነውና። አቦል ሲጠጣ ፎቶው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ቶናው ላይ ከጎኔ የምትጨፍረው ማን እንደሆነች ተጠየቀ። በረካው ሳይደርስ ታጭተን ነበር።

አሁን ሰው «ሴቲንግህን አጥብቀው» ይለኛል። ያጠበቅሁት መስሎኝ ነበር። የጓደኞቼን ዝርዝር ከእኔ በቀር ማንም እንዳያየው ቆልፌዋለሁ፤ ሆኖም የጋራ ጓደኛ አይደበቅም። አንድ ጀርመናዊ ይህ ብዙም ላይጎዳው ይችላል፤ በእኛ ሰፈር ግን የጋራ ያልሆነ ሰው ማን ነው? የቤተሰብ አባላትን መደበቂያም አለ። እሱንም ደበቅሁ፤ ነገር ግን የእኔ ስም ካለ የአባቴ ስም ተከትሎኝ ይመጣል፤ የእህቴን ስም የአባቴ ስም ተከትሎት ይመጣል፤ የወንድሜንም እንዲሁ። ሦስታችንን ጎን ለጎን ያየ ሰው የቤተሰብ ዝርዝር ምን ያደርግለታል? የአያት ስም የጨመረ ዘመድ ካለማ ትውልዱን እየቆጠረ ይወጣል። ይህን መደበቂያ የፈለሰፈው መሐንዲስ በአባት ስም የሚጠራ ሕዝብ መኖሩን የነገረው ሰው ያለ አይመስለኝም።

ሌላው ሰው ገጽህን እንዴት እንደሚያየው የምትመለከትበት አንድ ቁልፍም ነበር፤ «ቪው አዝ» ይሉታል። እኔ እወደው ነበር፤ አክስቴን ሆኜ እገባና ሳሎኔን ቃኝቼ እወጣለሁ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2018 ግን ሌቦች የገቡት በዚሁ በኩል ሆኖ ተገኘ። እዚያው ቦታ ላይ ሊወጣ የማይገባው የልደት ምኞት መጻፊያ ብቅ ይል ነበር፤ ከእሱ ጋር የተያያዘው የቪዲዮ መጫኛም ተመልካች ሆነህ የገባህለትን ሰው የመግቢያ ቁልፍ ያወጣ ነበር። ፌስቡክ መጀመሪያ 50 ሚሊዮን ያህል አካውንት ተነክቷል አለ፤ በኋላ 30 ሚሊዮን ገደማ ነው ብሎ አረመ። ቁልፉንም ለጊዜው ዘጋው። የራስህን ገመና አጮልቀህ እንድታይ በተሠራ ቀዳዳ ሌላው ሰው ይዘረፋል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር፤ ለልደት መልካም ምኞት ተብሎ በተሠራ ነገር መሆኑማ ጭራሽ!

ዋትስአፕና ቴሌግራም ደግሞ የራሳቸው ጣጣ አላቸው። መጨረሻ የታየሁበትን ሰዓት መደበቅ ይቻላል፤ ደበቅሁት። ሕጉ ፍትሐዊ ነው፤ የራስህን ከደበቅክ የሰውንም አታይም። ያላሰብኩት ነገር ቢኖር ዱባይ ያለችው እህቴ ያንን ሰዓት እንደ ደህንነት ደብዳቤ ታነበው እንደነበር ነው። ከሥራ ስትወጣ ትከፍተዋለች፤ «ከአሥር ደቂቃ በፊት» ካለ ወንድሟ ሰላም ነው፤ ሳትደውል ትተኛለች። ሰዓቱ የጠፋ ሌሊት ግን እኔን፣ እናቴን፣ ጎረቤታችንንና የቤቱን አከራይ ቀሰቀሰችን። እናቴ እስኪነጋ ድረስ ጸሎት ላይ ነበረች። በማግስቱ ለእህቴ ብቻ ከፈትኩላት፤ ከዚያ እናቴ «ለእሷ ከታያት ለእኔስ?» አለች። እናቴ ስትከፈትላት አጎቴ ሰማ። ሳምንት ሳይሞላ ተደብቄ የቀረሁት ከአንድ አበዳሪዬ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ቤቴን ያውቀዋል።

ያነበብኩ መሆኔን የሚያሳየውን ሰማያዊ ምልክትም አጥፍቼ ነበር። ለአንድ ለአንድ ወሬ ይሠራል፤ ግሩፕ ውስጥ ግን አይጠፋም። የእኛ ቤት ሰው ደግሞ ለአንድ ለአንድ አያወራም፤ የቤተሰብ ግሩፕ አለን። ለሠርግ መዋጮ የጠየቀ ሰው መልእክቱን ጫን ብሎ ይዞ ማን እንዳነበበው ያያል፤ ስሜ እዚያ ቁልጭ ብሎ ተቀምጧል። «አንብቦ ዝም ብሏል» ማለት በእኛ ቤት «የለኝም» ከማለት የባሰ ነው፤ የለኝም ያለ ሰው ይታዘንለታል።

ታዲያ ለምን አልወጣም? ከ2022 ወዲህ ከዋትስአፕ ግሩፕ ስትወጣ ለሁሉም አይለፈፍም፤ የሚነገረው ለአስተዳዳሪዎቹ ብቻ ነው። ደስ ይላል። የግሩፓችን አስተዳዳሪ ማን እንደሆኑ ግን ገምታችኋል። በዚያ ላይ በቅርቡ የወጡ ሰዎች ዝርዝር ለ60 ቀን ለአባላቱ ይታያል፤ የአርባው ተዝካር እንኳ ቀድሞት ያልፋል።

የቀረኝ አንድ ቁልፍ ነበር፤ ግሩፑን ዝም ማሰኘት። ስምንት ሰዓት፣ አንድ ሳምንት ወይስ ሁልጊዜ ብሎ ይጠይቃል። ሁልጊዜ አልኩ። ለማንም አይነግርም፣ ማንም አያየውም፣ አስተዳዳሪም ቢሆን።

ሰላሜን አግኝቼ ሰነበትኩ። ከዚያ አንድ ማታ አክስቴ ደወሉ።

«ግሩፑን ዝም አሰኝተኸዋል አይደል?»

«ኧረ እትዬ! ማን አለዎት?»

«ማንም አላለኝም። የአጎትህ ልጅ ሚስት መንታ ወልዳ ከነጋ አንድ ቃል አልጻፍክም። መነኩሴው እንዴት እንኳን ማርያም ማረችሽ ሳትል ትቀራለህ?»

አፌ ተያዘ።

«ግድ የለም» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እኔም ዝም ካሰኘሁት ቆይቻለሁ። ሌሊት ሌሊት ሲጮህ ልቤን ያጠፋዋል። እንግዲህ እኔ አርጅቻለሁ፤ ይህን ነገር አንተ ያዝልኝ።»

«ምኑን እትዬ?»

ስልኩን ዘጉ። ወዲያው መልእክት ገባ፤ የግሩፑ አስተዳዳሪ ሆኛለሁ። ከሥሩ አጎቴ ለሠርጉ መዋጮ ያልከፈሉትን ስም እንድዘረዝር ጠይቆኛል።