ሞንታርቦ ምን በደለ?

ጎበዝ፣ ምርጫ ድሮ ቀረ! የዘንድሮ ቅስቀሳ የሚካሄደው አልጋ ውስጥ ነው፤ ሰዉ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ፣ ስልኩን አፍንጫው ላይ ደግኖ ይቀሰቀሳል። ዕጩውም ወጥቶ አቧራ መቅመስ ትቷል። ደቂቃ የማትሞላ ቪዲዮ ይለቅና፣ ከጀርባዋ ዘፈን ለጥፎ፣ ፊቱን በፊልተር አሳምሮ፣ «ላይክና ሼር እንዳትረሱ» ይላል። እስቲ ስለ ውኃ ጠይቁት፤ ልብ ይልክላችኋል። ቀይ ልብ!

በኛ ጊዜ ሞንታርቦ ነበር። ፒካፕ ላይ ተጭኖ ገና ጎህ ሳይቀድ ሰፈሩን ሲዞር ሕፃን ይነቃል፣ ውሻ ያላዝናል፣ በሽተኛ ተነሥቶ ይቀመጣል። ምን ዓይነት ሰላም ነበር መሰላችሁ!

ከዚያም በፊት፣ በጃንሆይ ጊዜ፣ የፓርላማ ምርጫ ሲደረግ ፓርቲ የሚባል ስላልነበረ ጭቅጭቅ አልነበረም። ሕጉ ሀብት የሌለው አይወዳደርም ስለሚል የሚቀርበው ሁሉ የተከበረ ሰው ነው። በደርግ ዘመንም ወሬ የምንሰማው ከመንግሥት ሬዲዮ ነው፤ የሐሰት ወሬ የሚባል ነገር አልነበረም። ቢኖርማ ሬዲዮው ይነግረን ነበር።

1997ንስ ማን ይረሳል? እነ ዶክተር ብርሃኑ ነጋና አቶ ልደቱ አያሌው ከኢሕአዴግ ሰዎች ጋር በቴሌቪዥን ሲሟገቱ፣ ቴሌቪዥን የሌለው ጎረቤት ሁሉ እኔ ሳሎን ይኮለኮል ነበር። ሁላችንም የሰማነው አንድ ክርክር ነውና በማግስቱ ስንጣላ የምንጣላበትን እናውቀዋለን። የዛሬው ስልክ ግን የማን ዓይን የትኛው ቪዲዮ ላይ እንደቆመ እየሰፈረ፣ ለያንዳንዱ የሚወደውን ብቻ ይግተዋል። ለከፈለው ደግሞ ዕድሜና ከተማ መርጦ ያደርስለታል። እኔ ቤት የልጅ ልጆቼ አንድ ሶፋ ላይ ተጣብቀው ተቀምጠው የየራሳቸውን አገር ምርጫ የሚከታተሉ ይመስላሉ። መጣላት እንኳ አልቻሉም እኮ!

በዚያው በ1997፣ ሚያዝያ 30 መስቀል አደባባይን ያጥለቀለቀውን ያን ሕዝብ ማን ጠራው? ሰው በሰው ተጠራርቶ ነው። እርግጥ ለኔ የደረሰኝ በስልክ አጭር መልእክት ነው፤ ያም ቢሆን በወጉ የተጻፈ፣ ሥዕል የሌለው፣ የማይጨፍር መልእክት ነበር። ከምርጫው በኋላ አጭር መልእክት ተዘጋና ሁለት ዓመት ያህል ጭጭ አለልን። እንዲያ ያለ ዕረፍት ዳግም አላየሁም። በቅርቡ ኢንተርኔት የተቋረጠ ሌሊት ግን እንቅልፍ ባይኔ አልዞረም፤ ዜጋን እንዲህ ማፈን ግፍ ነው!

የምርጫ ሕጉ ድምፅ ከመስጠታችን በፊት ያሉት አራት ቀናት የጥሞና ጊዜ ናቸው ይላል፤ ቅስቀሳ ክልክል ነው። ሸጋ ሕግ። በ2013 ሬዲዮው ዝም አለ፣ ሞንታርቦውም ጨዋ ነውና ዝም አለ። ስልኬን ግን ማን ጥሞና ያስተምረው? በውድቅት ሌሊት አንዱ ከዋሽንግተን ላይቭ ገብቶ ይጮሃል። ድምፅ የማይሰጥ ሰው! ምን ቀረህ ብዬ እስኪጨርስ አዳመጥሁት። አስተያየትም ጻፍሁለት።

አሁን ደግሞ የሰውን ድምፅና መልክ የሚሠራ ማሽን መጣ። አንድ ባለሥልጣን የጡረታ አበል በእጥፍ መጨመሩን ሲያበሥሩ አየሁ። የልጅ ልጄ ሳቀችና «አባባ፣ ይሄ እኮ በኤአይ የተሠራ ነው» አለችኝ። መች አጣሁት? ለዕድሩ የቴሌግራም ግሩፕ የላክሁት ሰው እንዳይታለል ብዬ ነው። ሦስቴ የላክሁትም አጥብቄ ላስጠነቅቅ ነው። ያላነበቡትን የሚያስተላልፉ ወጣቶች ናቸው አገር ያጠፉት።

ስለዚህ እናንት ዕጩዎች፣ ድምፄን የምትፈልጉ ከሆነ እንደ ጥንቱ በእግራችሁ መጥታችሁ በሬን አንኳኩ። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ግን እንዳትመጡ፤ ላይቭ ላይ ስለምሆን አልከፍትም።