ግንቡን ማን ያጭሰው?

(አርባ ምንጭ፣ ኩልፎ ድልድይ አቅራቢያ ያለች ዓሣ ቤት። እማማ ለዓይናቸው ሕክምና ከዶርዜ ወርደዋል። ወጣትነታቸውን አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ ጥጥ ሲፈትሉ ስላሳለፉ አማርኛቸው ከልጅ ልጃቸው የሰላ ነው። እሱ ሲቀላ ሰፈር ቢሮ ተከራይቶ የፕሮጀክት ሰው ሆኗል። የምን ፕሮጀክት እንደሆነ እስካሁን አልተጣራም።)

የልጅ ልጅ፦ እማማ፣ ዓሣው እስኪደርስ አንድ ትልቅ ነገር ላማክርዎ። ቤታችንን ልናድሰው ነው።

እማማ፦ የትኛውን?

የልጅ ልጅ፦ የእርስዎን ነዋ! ቤተሰባችን እኮ ግንብ አለው። ያውም ታሪካዊ ግንብ።

እማማ፦ ቀርከሃ ነው ልጄ። አያትህ ከጎረቤት ጋር የሠራው ቀርከሃ።

የልጅ ልጅ፦ የዶርዜ ቤት አዲስ ሲሆን እስከ 12 ሜትር ይቆማል። ይህ ግንብ ካልተባለ ምን ሊባል ነው?

እማማ፦ አዲስ ሲሆን አልክ። ምስጡ ከሥር ሲበላ፣ እኛ የተበላውን ስንቆርጥ፣ ቤቱ ሲያጥር፣ እኔም ስጎብጥ፣ አሁን ተካክለናል።

የልጅ ልጅ፦ መፍትሔው ተገኝቷል። ሥሩን ዙሪያውን ኮንክሪት እንሞላዋለን።

እማማ፦ ቦታ ልቀይር ስልስ?

የልጅ ልጅ፦ ቤት ቦታ ይቀይራል?

እማማ፦ አንተ እናትህ ጀርባ ላይ ሳለህ ነው እኮ አንስተን አሁን ያለበት ያደረስነው። ቀርከሃውን አግድም ሰካንበት፣ ወንዱ ከውስጥም ከውጭም ገብቶ ተሸከመው፣ እኛ እልል እያልን ተከተልን። ቅርጫት ማለት ነው። ቅርጫት በኮንክሪት ይቸከላል?

የልጅ ልጅ፦ ቆይ ቆይ፣ ቤቱ ይንቀሳቀሳል? እንግዲያውስ በመኪና ጭነን እዚህ ኩልፎ ዳር እናወርደዋለን! ቱሪስቱ ዶርዜ ድረስ ለምን ይንገላታል? ዓሣውን በልቶ፣ አዞውን አይቶ፣ ግንባችን ውስጥ ያድራል።

እማማ፦ ኩልፎ ከኛው ደጋ አይደል የሚወርደው? አፈራችንን ጠርጎ ጫሞ ሐይቅ ሲከት መኖሩ አንሶት ቤቴንም ልትጨምርለት ነው? ደግሞ ያ ቤት የብርድ ቤት ነው። በዚህ ሙቀት እሳት ካነደድህበት እንግዳህ ይጠበሳል። ካላነደድህበት ምስጡ ይጨርሰዋል።

የልጅ ልጅ፦ እሳቱ ደግሞ ከምስጡ ጋር ምን አገናኘው?

እማማ፦ ጭሱ ነዋ! ተባዩን የሚያባርረው፣ ክዳኑን ከብስባሴ የሚያድነው ጭስ ነው። 60፣ 80 ዓመት የሚቆየው ሰው እያጨሰው ነው። ሰው ከወጣበት አለቀለት።

የልጅ ልጅ፦ እኔ ጎንደርን አይቻለሁ፣ እማማ። የፋሲል ግንብ ይኸው ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ቆሟል። በ1979 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ መዝግቦታል።

እማማ፦ ማን ይኖርበታል?

የልጅ ልጅ፦ ማንም አይኖርበትም። ቲኬት ነው የሚቆረጥበት።

እማማ፦ ድንጋይ ስለሆነ ችሎ ነው።

የልጅ ልጅ፦ እሺ እንግሊዝ አገር እንሂድ። ግንብ የወረሰ ቤተሰብ ጣሪያው ሲያፈስበት ሳሎኑን ለጎብኚ ይከፍትና ራሱ ጥግ ባለች ክፍል ይኖራል።

እማማ፦ እዚያም ምስጥ አለ?

የልጅ ልጅ፦ የውርስ ግብር አለ።

እማማ፦ ያው ነው። እሱም የሚበላው ከሥር ነው።

ባለ ዓሣ ቤቷ፦ (ኮተሌቱንና ዳጣውን እያስቀመጠች) ይቅርታ፣ ጆሮዬ ገብቶ ነው። ቅርስ ነው ካላችሁማ ያለ ፈቃድ ለጥገና አይነካም። አዋጅ 209/1992 ለምን ወጣ?

እማማ፦ ምስጡ ፈቃድ አውጥቷል?

የልጅ ልጅ፦ ፈቃዱን ለኔ ተዉት። ዲዛይኑን ልንገራችሁ። የቤቱ ፊት የዝሆን ፊት አይደል? ዓይኖቹ ላይ መብራት እንገጥማለን፣ ማታ ማታ ያበራሉ። አፍንጫው ሥር ሪሴፕሽን። ወለሉ ሴራሚክ።

እማማ፦ ላሚቱስ?

የልጅ ልጅ፦ በረቱን ሻወር እናደርገዋለን። ላሚቱ ለፎቶ ቀን ቀን ትመጣለች።

እማማ፦ እኔስ?

የልጅ ልጅ፦ እርስዎም ቀን ቀን። ከኋላ ጥሩ የቆርቆሮ ቤት እንሠራልዎታለን፣ እዚያ ያድራሉ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገብተው ይኖራሉ፣ 11 ሰዓት ላይ ይወጣሉ።

እማማ፦ በገዛ ቤቴ መኖር በፈረቃ ሆነ?

የልጅ ልጅ፦ የምሳ ሰዓት አለው እኮ! ሥራው ቀላል ነው፤ ቆጮ መጋገር፣ ጥጥ መፍተል፣ ፈገግ ማለት።

ባለ ዓሣ ቤቷ፦ ደመወዝ ካለው እኔም አመለክታለሁ።

እማማ፦ አሁን እኔ ልናገር። ቤቱ የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው። የተበላው ይቆረጥ፣ ክዳኑ ይታደስ፣ ምስጥ ወደሌለበት ጥግ ይነሳ። ሸማኔው ሁሉ ከአዲስ አበባ ለመስቀል ሲመጣ ወንድ ይሞላል፣ ያኔ ያነሱታል። ያንተ ሰዎች ስንት ናቸው?

የልጅ ልጅ፦ ኮሚቴው ሰባት ነው። ሊቀ መንበር፣ ምክትል፣ ጸሐፊ...

እማማ፦ ሰባቱም ይሸከማሉ?

የልጅ ልጅ፦ ሊቀ መንበሩ ወገቡን ያመዋል። ሌሎቹ ርክክቡ ላይ ይገኛሉ።

እማማ፦ መሸከሙ ይቅር። እኔ ስደክም ገብቶ እሳቱን የሚያነድ ግን ያስፈልጋል። ሚስትህን ይዘህ ና።

የልጅ ልጅ፦ እሷ... ጭስ አይስማማትም።

እማማ፦ አንተስ?

የልጅ ልጅ፦ እኔማ አስተባባሪ ነኝ፣ እማማ።

ባለ ዓሣ ቤቷ፦ ታዲያ ሒሳቡን የሚያስተባብረው ማነው?

(ዝም ተባለ። እማማ መቀነታቸውን ፈትተው ብሩን ቆጥረው ከፈሉ።)

የልጅ ልጅ፦ እትዬ፣ ደረሰኝ ቁረጪልኝ። በፕሮጀክቱ ስም ይሁን።